መኪናው ደጋግሞ ሲበላሽ፦ በሌመን ሎው ልጠይቅ ወይስ ልተወው?

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ገዝቶ በአራት ወሩ ዲለር ደጅ መመላለስ የጀመረ ሰው ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው፤ «ሽጠህ ተገላገል» ወይም «ጠበቃ ይዘህ ክሰሳቸው»። እንደ ሁኔታው ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው የብልሽቱ ክፋት ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ዋናው ግን ዲለሩ በየምልልሱ የሰጠዎት ወረቀት ምን እንደሚልና ምን ቀን እንደተጻፈበት ነው። መንገድ ላይ የሚያጠፋ መኪና ይዞ ወረቀት ስለሌለው ብቻ መብቱን የሚያጣ ሰው አለ። ስለዚህ ውሳኔው ጠበቃ ቢሮ ሳይደርስ፣ ሰርቪስ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ግማሹ ያልቃል ማለት ነው።

«ሌመን» ሎሚ ነው፤ አሜሪካኖች ተጠግኖ ተጠግኖ የማይድን መኪናን እንዲያ ይሉታል። እንዲህ ያለ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቀው ሕግ ደግሞ «ሌመን ሎው» ይባላል። የመጀመሪያዋን ሕግ ያወጣችው ኮነቲከት ናት፣ በ1982። ዛሬ 50ውም ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው አላቸው። መሠረቱ አንድ ነው፦ አምራቹ በዋራንቲ የሸጠውን መኪና በተመጣጣኝ ሙከራ መጠገን ካልቻለ ወይ ይለውጣል ወይ ገንዘቡን ይመልሳል። ቁጥሩና ቀነ ገደቡ ግን ስቴት ከስቴት ይለያያል። እዚህ የምናተኩረው ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ላይ ሲሆን ስለ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ሚኒሶታ በአጭሩ እንጠቅሳለን። ሕጎቹ ስለሚሻሻሉ ደብዳቤ ከመላክዎ በፊት የስቴትዎን አቶርኒ ጄኔራል (ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ) ድረ ገጽ አንድ ጊዜ ይመልከቱ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያስወጡ

ለመወሰን ከመቀመጥዎ በፊት ወደ ዲለሩ ሰርቪስ ክፍል ይሂዱና የመኪናዎን ሪፔር ኦርደሮች (ለእያንዳንዱ ጥገና የሚከፈቱትን ወረቀቶች) በሙሉ እንዲያትሙልዎ ይጠይቁ። መኪናውን ሲያስረክቡ የፈረሙበት ገጽ ብቻውን አይበቃም። ቴክኒሻኑ ምን አግኝቶ ምን እንደሠራ የሚያሳየው ሥራው ሲያልቅ የሚዘጋው ቅጂ ነው። ሁለት ዲለር ጋ ወስደው ከሆነ ከሁለቱም ያስወጡ፤ ሁለቱም የዚያ አምራች ወኪል እስከሆኑ ድረስ ይደመራል።

በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አምስት ነገር ይፈልጉ፦ የገባበት ቀንና ማይል፣ የወጣበት ቀንና ማይል፣ እርስዎ የተናገሩት ቅሬታ፣ ቴክኒሻኑ ያገኘው ምክንያት፣ የተሠራው ሥራ ወይም የተለወጠው ዕቃ። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ በቀን ቅደም ተከተል ይጻፏቸው። ይህች አንድ ገጽ በኋላ ለአምራቹም፣ ለሸምጋዩም፣ ለጠበቃውም የሚሰጧት ናት፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ያስኬዳል አያስኬድም የሚባለውም እሷን አይተው ነው።

«ችግሩን ማየት አልቻልንም» ወይም «እንደ ሥሪቱ እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ሲያገኙ ተስፋ አይቁረጡ። መኪናውን አቅርበዋል፣ ቅሬታውን አስመዝግበዋል፤ አምራቹ እንዲጠግን ዕድል መስጠትዎን የሚያሳይ ወረቀት ነው። አደገኛው ወረቀት የሌለው ምልልስ ነው። «ቀላል ነች፣ ሶፍትዌሯን አድሰንልሃል፣ ሂድ» ተብለው ከወጡ በሕግ ፊት ያ ቀን የለም። ክፍያው ዜሮ ዶላር ቢሆንም ወረቀቱ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ይጠይቁ። ያለፈውን ካልሰጡዎት ለሰርቪስ አድቫይዘሩ (መኪናውን ለተቀበለዎት ሠራተኛ) አጭር ኢሜይል ይላኩ፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ማይል፣ ለዚህ ችግር አምጥቼው ነበር፣ እንዲህ ብለውኛል ብለው። መልስ ባይሰጡ እንኳ የተላከበት ቀን ይመዘገባል።

ቅሬታውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ይናገሩ

ብዙ ጥሩ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው መኪናው ከ35 እስከ 45 ማይል ባለው ፍጥነት ላይ ማርሽ ሲቀይር ይመታዋል እንበል። መጀመሪያ ሲሄድ «ይንቀጠቀጣል» አለ። በሁለተኛው «ድምፅ አለው» አለ። በሦስተኛው ልጁን ልኮ ልጁ «ጉልበት የለውም» ብሎ አስመዘገበ። ባለቤቱ ሦስቴ ስለ አንድ የካምቢዮ ችግር እንደተመላለሰ ያውቃል፤ ወረቀቱ ግን ሦስት የተለያዩ ችግሮች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የታዩ ያደርጋቸዋል። ሕጉ የሚቆጥረው ደግሞ የአንዱን ችግር ድግግሞሽ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቤት ሆነው፣ እንግሊዝኛው የሚቸግርዎ ከሆነ ሰው አስረድተው፣ ችግሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፦ ምን ያደርጋል፣ መቼ ያደርጋል (ሞተሩ ሲሞቅ ወይ ሲቀዘቅዝ፣ በስንት ማይል ፍጥነት፣ ዳገት ላይ ወይ ሜዳ ላይ)፣ በሳምንት ስንት ጊዜ። በስልክዎ ያስቀምጡትና በየምልልሱ ያንኑ ጽሑፍ ሰጥተው የደንበኛው ቅሬታ በሚለው መስመር ላይ እንዳለ እንዲገለበጥ ይጠይቁ። ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት። አድቫይዘሩ ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ወደ «መኪናው ይታይልኝ» አሳጥሮት ከሆነ እንዲያስተካክል በትሕትና ይንገሩት። ዲለሩ ባላጋራዎ እንዳልሆነም አይርሱ፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለአምራቹ ነው፣ ምስክር የሚሆኑዎት ደግሞ የዲለሩ ወረቀቶች ናቸው።

አልፎ አልፎ ብቻ ለሚከሰት ችግር ቪዲዮ ይረዳል፤ ቀረጻውን ግን አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ያድርገው። ዳሽቦርዱ፣ የበራው መብራት፣ ፍጥነቱና ማይሉ በአንድ ላይ ይታዩ። ቴክኒሻኑ አብሮዎት እንዲነዳም ይጠይቁ። አንድ ስሕተት አደራ፦ ቼክ ኢንጅን መብራት ሲበራ በርካሽ ስካነር ኮዱን አያጥፉ፣ ባትሪም አይንቀሉ። ኮምፒውተሩ ችግሩ በተከሰተበት ሰከንድ የነበረውን ሙቀት፣ ፍጥነትና የሞተር ዙር ይይዛል፤ ኮዱን ሲያጠፉ ይህም አብሮ ይጠፋል። ዲለር ጋ ሲደርሱ «ምንም የለም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የወዳጅ ጋራዥ

የሚያምኑት ሐበሻ መካኒክ ካለዎት ዘይትና ፍሬን ሸራ እሱ ጋ መለወጥ መብትዎ ነው። በ1975 የወጣው ማግኑሰን ሞስ የተባለው የፌዴራል የዋራንቲ ሕግ አምራቹ «ሰርቪስ ያደረግኸው እኔ ጋ ስላልሆነ ዋራንቲህ ፈርሷል» እንዳይል ይከለክላል። ግን በካሽ ከፍለው ያለ ደረሰኝ ከወጡ፣ ሞተሩ ሲበላሽ ዘይቱ በጊዜው መለወጡን የሚያሳይ ነገር አይኖርዎትም። ቀን፣ ማይል፣ የዘይቱ ዓይነትና መጠን ያለበት ደረሰኝ ሁልጊዜ ይቀበሉ።

ዋናውን ብልሽት ግን እሱ እንዲነካው አያድርጉ። የወዳጅዎ ጋራዥ አምስት ጊዜ ቢጠግነው በሌመን ሎው አንድም አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው አምራቹ ወይም ወኪል ዲለሩ የሞከረው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ አምራቹ «ያበላሸው ሌላ እጅ ነው» ለማለት በር ያገኛል። ከውጭ የተገጠመ ማንቂያ፣ ሪሞት ስታርተር ወይም ከሽቦ ጋር የተገናኘ የታክሲ ዕቃ ካለም የኤሌክትሪክ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳብቡት በእሱ ነው።

አሁን ይቁጠሩ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሲሞሉ ሕጉ «አምራቹ በቂ ዕድል ተሰጥቶታል» ብሎ ይገምታል።

ቨርጂኒያ፦ ጊዜው መኪናውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ 18 ወር ነው። በዚያ ውስጥ አንዱ ችግር 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ለጥገና ከቀረበ፣ ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ (መቆጣጠር የሚያሳጣ፣ እሳት ሊያስነሳ የሚችል) ችግር አንድ ጊዜ ተሞክሮ ካልተፈታ፣ ወይም መኪናው በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ ከቆመ። ቨርጂኒያ ላይ የሚያጣድፈው ነገር ክሱም በመሠረቱ በዚያው 18 ወር ውስጥ መጀመር ያለበት መሆኑ ነው። በአምራቹ የሽምግልና ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ሰው ተጨማሪ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል፣ ግን በዚያ ተማምኖ መዘግየት አያዋጣም። 15ኛው ወር ላይ ያለ ሰው ወር ቆጥሮ ሳይሆን ሳምንት ቆጥሮ ይንቀሳቀስ።

ሜሪላንድ፦ 24 ወር ወይም 18,000 ማይል፣ ቀድሞ የመጣው። አንዱ ችግር 4 ጊዜ፣ ወይም በድምሩ 30 ቀን መቆም፣ ወይም የፍሬን ወይም የመሪ ብልሽት አንድ ጊዜ ተጠግኖ መኪናው የሜሪላንድን የደኅንነት ምርመራ የማያልፍ ከሆነ። ክስ ለማቅረብ ከርክክቡ ጀምሮ 3 ዓመት አለ።

ዲሲ፦ 2 ዓመት ወይም 18,000 ማይል፤ 4 ጊዜ ሙከራ፣ የደኅንነት ችግር ከሆነ 1 ጊዜ፣ ወይም 30 ቀን።

በኡበርና በሊፍት ለሚሠራ ሰው 18,000 ማይል ስድስት ወር ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ብቻ አይመልከቱ፤ ችግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ ማይሉ ስንት ነበር የሚለውን ይፈልጉ።

ሜሪላንድ እየኖሩ ቨርጂኒያ የገዙ እንደሆነ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ጠበቃ ይጠይቁ፤ እስከዚያው የሚያጥረውን ቀነ ገደብ እንደ ራስዎ ይያዙ።

ቀን ሲቆጥሩ ዲለሩ ደጅ የቆመበትን በሙሉ ይቁጠሩ። ቨርጂኒያ ላይ ቅዳሜና እሑድም ይገባል። ዕቃ ታዞ የተጠበቀበት ጊዜም ይቆጠራል፤ ሎነር (ጊዜያዊ መተኪያ) መኪና ስለተሰጠዎት አይቀርም። መጀመሪያ 11 ቀን፣ ቀጥሎ 9፣ ቀጥሎ 12 ቢሆን 32 ቀን ነው፤ ሦስቱ የተለያየ ችግር ቢሆኑም እንኳ በቀን መለኪያው ያልፋል። ብዙ ሰው የሙከራውን ቁጥር ብቻ እያየ ይህን ሳያስተውል ያልፋል።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ዋሽንግተን ስቴት ላይ ሽምግልናው በአቶርኒ ጄኔራሉ ቢሮ በኩል በነፃ ይደረጋል፤ ማመልከቻው መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጠበት ቀን በ30 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ቴክሳስ ላይ ለስቴቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት 35 ዶላር ከፍለው ያመለክታሉ። ካሊፎርኒያ ሕጓን በ2025 ስለቀየረች በአንዳንድ አምራቾች ላይ የተለየ ማስታወቂያና ያጠረ ቀነ ገደብ አለ፤ ያለ ጠበቃ አይግቡበት። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 መጨረሻ ላይ ቀሪ የአምራች ዋራንቲ ያለው ያገለገለ መኪና በዚያ ብቻ እንደ አዲስ እንደማይቆጠር ስለወሰነ፣ ሰከንድ ሃንድ ገዢዎች በቀድሞ ወሬ እንዳይታለሉ።

ብልሽቱ የሚያስኬድ ነው?

ሕጉ የሚፈልገው የመኪናውን አጠቃቀም፣ ዋጋ ወይም ደኅንነት በጉልህ የሚጎዳ ችግር ነው። በመንገድ ላይ መጥፋት፣ ካምቢዮ መንሸራተት፣ ፍሬን መስመጥ፣ መሪ መክበድ፣ ውኃ ወደ ውስጥ መግባት፣ አልሞላ የሚል ባትሪ ያስኬዳሉ። የሬዲዮ ድምፅ መቆራረጥ ብቻውን ይከብዳል፤ ያው ስክሪን የኋላ ካሜራውንም የሚያጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ የደኅንነት ይሆናልና ያንን ያስመዝግቡ። ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የዋይፐር ላስቲክ በማለቅ የሚለወጡ ስለሆኑ አይገቡም። የኤሌክትሪክ መኪና በክረምት ርቀቱ ማጠሩም ተፈጥሮው ነው።

ዘይት የሚበላ ሞተር ለብቻው ይታያል። ብዙ አምራቾች በ1,000 ማይል እስከ አንድ ኳርት ድረስ መጉደሉን «ደንበኛ ነው» ይላሉ። ዲለሩ ዘይቱን ሞልቶ፣ አሽጎ፣ ከተወሰነ ማይል በኋላ ተመለስ ይልዎታል። ለእያንዳንዱ ምልልስ ወረቀት ይቀበሉ፤ በመሃል ራስዎ ዘይት አይጨምሩ፣ ልኬቱን ያበላሸዋል። የዘይት ግፊት መብራት ከበራ ግን ሞተሩን አጥፍተው ያስጎትቱት፤ ለሙከራ ተብሎ ሞተር አይቃጠልም።

የመኪናውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ቪን ወስደው በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። ሪኮል (አምራቹ ለደኅንነት ችግር በነፃ ለመጠገን የሚያወጣው ጥሪ) ካለ ያሳያል። በመኪናው ሞዴልና ዓመት ሲፈልጉ ደግሞ አምራቹ ለዲለሮች የላካቸው የቴክኒክ ማስታወቂያዎች ይገኛሉ። የእርስዎ ችግር እዚያ ላይ ካለ አትመው ይያዙት፤ «እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም» ለሚል አድቫይዘር ጥሩ መልስ ነው። ሪኮል መኖሩ ግን መኪናውን በራሱ ሌመን አያደርገውም።

ኡበር የሚሠሩበት ከሆነ፣ በሌላ ሰው ስም ከሆነ

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የእኛን ሰው በብዛት ያጋጥሙታል። ቨርጂኒያ መኪናው በከፊሉ ጉልህ በሆነ መጠን ለግልና ለቤተሰብ የሚውል እንዲሆን ትጠይቃለች። ሚኒሶታ ቢያንስ 40 በመቶው ለግል እንዲሆን ታዛለች። ካሊፎርኒያ በስሙ ከአምስት የማይበልጥ መኪና ላለው ትንሽ ነጋዴም ትፈቅዳለች። ስለዚህ ኡበር መሥራት በራሱ በሩን አይዘጋም። አፑ የሥራ ማይልዎን ስለሚመዘግብ ከጠቅላላው ማይል ቀንሰው የግሉን ድርሻ ያስሉ፣ ለጠበቃውም ከመጀመሪያው ቀን በእውነት ይንገሩ። ለታክስ «95 በመቶ ለሥራ ነው» ብለው አስገብተው እዚህ «የቤት መኪና ነው» ቢሉ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቀን ይገናኛሉ። በተጨማሪም ዋራንቲው ራሱ ለንግድ አገልግሎት የተለየ አንቀጽ እንዳለው ያንብቡ።

በክሬዲት ምክንያት መኪናው በወንድም ወይም በዘመድ ስም የተገዛ ከሆነ ጥያቄውን የሚያቀርበው ውሉንና ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) የፈረመው ሰው ነው። ገንዘቡ ሲመለስም ቼኩ በስሙ ይወጣል። ይህን ከመጀመርዎ በፊት ከባለ ስሙ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ። በሊዝ የተያዘ መኪናም በአብዛኛው ይሸፈናል።

ስሌቱን ይሥሩ

ቁጥሩ ከሞላ ቀጣዩ ጥያቄ ያዋጣል ወይ ነው። አምራቹ ገንዘቡን ሲመልስ ያለ ችግር የነዱበትን ይቀንሳል። ሜሪላንድ ላይ ቅናሹ ከመኪናው ዋጋ 15 በመቶ አይበልጥም። ቨርጂኒያ ላይ ችግሩን ለመጀመሪያ ጊዜ እስካሳወቁበት ድረስ ያለው ማይል ይታያል፤ ለአንድ ማይል የሚቀነሰው የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት ለሥራ ጉዞ ከሚፈቅደው ግማሽ አይበልጥም። በ2025 ያ 70 ሳንቲም ስለነበር ግማሹ 35 ሳንቲም ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ጥገና ጊዜ የነበረው ማይል ለ120,000 ተካፍሎ በዋጋው ይባዛል።

አንድ የቨርጂኒያ ምሳሌ እንውሰድ። መኪናው ከነታክሱና ከነምዝገባው 36,000 ዶላር፤ ቅድሚያ 5,000፣ ብድር 31,000። በየወሩ 600 እየከፈሉ 10 ወር ሆኖታል፤ ከ6,000ው ውስጥ 2,000ው ወለድ ነው፣ ለባንኩ የቀረው 27,000። ችግሩ መጀመሪያ የተመዘገበው በ6,000 ማይል ላይ ነው።

ቨርጂኒያ ታክሱን፣ የምዝገባውን ክፍያና የብድሩን ወለድ ጭምር ታስመልሳለች። ድምሩ 38,000፤ ቅናሹ 6,000 በ0.35 ሲባዛ 2,100፤ ቀሪው 35,900። ባንኩ 27,000ውን ይወስዳል፣ እርስዎ 8,900 ይዘው ይወጣሉ። በአንጻሩ «ተገላገል» ብለው ለዲለር ትሬድ ኢን ቢያደርጉት (አሮጌውን ሰጥተው ዋጋውን በአዲስ መኪና ላይ ቢያሳስቡት) እና 24,000 ቢሰጥዎ፣ ያወጡት 11,000 ቀልጦ 3,000 ዕዳ በአዲሱ መኪና ብድር ላይ ይከመርብዎታል። ልዩነቱ ወደ 12,000 ዶላር ነው። አንዴ ትሬድ ኢን ካደረጉት ደግሞ መመለስ ያለበት መኪና በእጅዎ የለምና ጥያቄው በእጅጉ ይዳከማል፤ ስለዚህ ስሌቱ ሳይሠራ መኪናው እጅዎን አይልቀቅ።

የራስዎን ቁጥር ሲያስገቡ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ከድሮው መኪና ተሻግሮ የመጣ ዕዳ በአዲሱ ብድር ውስጥ ካለ አምራቹ እሱን አልመልስም ሊል ይችላል። ክሬኑን፣ የኪራይ መኪናውን፣ የሆቴሉን ደረሰኝ ደግሞ ይሰብስቡ፤ ሊካተቱ ይችላሉ።

ቅናሹ ትልቅ ከሆነ፣ ችግሩም በመጨረሻው ጥገና የተፈታ ከመሰለ፣ መኪናውን ይዞ ካሳ መቀበል የሚባል መንገድ አለ። ለሚረብሽ ግን ለማያሰጋ ችግር ጥሩ መፍትሔ ነው። ፍሬን ወይም መሪ ላይ ግን አይቀበሉት፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ አደጋው ይቀራል።

ማስታወቂያው

ደብዳቤው ለዲለሩ ሳይሆን ለአምራቹ ይላካል። አድራሻው በዋራንቲው መጽሐፍ ላይ አለ። በእንግሊዝኛ፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ፦ ስምና አድራሻ፣ ቪን፣ የተገዛበት ቀንና ዲለር፣ የአሁኑ ማይል፣ ያች የማትለወጠው የችግሩ መግለጫ፣ የጥገናዎቹ ቀናት ከነማይላቸው፣ በድምሩ የቆመበት ቀን፣ እና የሚፈልጉት ነገር። ቨርጂኒያ ላይ ከመለወጥና ከገንዘብ ተመላሽ መምረጥ የእርስዎ መብት ነው፤ ምርጫዎን ይጻፉት። ስድብና ማስፈራሪያ አይጨምሩ። የሪፔር ኦርደሮቹን ኮፒ አያይዘው ዋናውን ቤት ያስቀምጡ።

በሰርቲፋይድ ሜይል ከሪተርን ሪሲት ጋር ይላኩት፤ ሜሪላንድ ይህንኑ በሕግ ትጠይቃለች። ተፈርማ የምትመለሰውን አረንጓዴ ካርድ አይጣሏት። ከዚያ በኋላ ሜሪላንድ ላይ አምራቹ ለማስተካከል 30 ቀን አለው። ቨርጂኒያ ላይ አምራቹ ቀድሞ በጽሑፍ ካልተነገረው ከ15 ቀን የማይበልጥ አንድ የመጨረሻ ሙከራ ያገኛል። ያንን ሙከራ አይከልክሉ። «ከአሁን በኋላ አላመጣም» ያለ ሰው የራሱን ጉዳይ በራሱ እጅ ይዘጋል።

በዚህ ሁሉ መሃል የብድሩን ክፍያ አያቋርጡ። ባንኩ ከአምራቹ ጋር ያለዎትን ክርክር አያውቅም፤ መኪናው ቢወሰድብዎ የሚጎዳው የእርስዎ ክሬዲት ነው። መኪናው ለመንዳት የሚያሰጋ ከሆነ አቁመው በጽሑፍ ያሳውቁ።

ሽምግልና ወይስ ጠበቃ

ብዙ አምራቾች ቢቢቢ አውቶ ላይንን በመሰለ የሽምግልና ሥርዓት ውስጥ አሉ። ለእርስዎ ነፃ ነው፣ ውሳኔውም በ40 ቀን ገደማ እንዲሰጥ የፌዴራል ደንብ አለ። ዋራንቲው «መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ» የሚል ከሆነ መዝለል ሊያስቸግር ይችላል። ውሳኔውን ካልወደዱት መቀበል አይጠበቅብዎትም፤ ግን በኋላ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል አውቀው፣ ተዘጋጅተው ይግቡ። ወረቀቱ የተሟላ፣ ችግሩ ግልጽ ከሆነ ሽምግልና በቂ ሊሆን ይችላል። ችግሩ አልፎ አልፎ የሚታይ፣ አምራቹም የሚክደው ከሆነ፣ ወይም ቀነ ገደቡ ከተቃረበ፣ በቀጥታ ጠበቃ ይሻላል።

የጠበቃ ዋጋ የሚያስፈራዎ ከሆነ ይህን ይወቁ፦ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በፌዴራሉ ሕግ ሸማቹ ሲረታ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን ክፍያ በአምራቹ ላይ ሊጥል ይችላል። በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ጠበቆች ያችን አንድ ገጽ አይተው መጀመሪያ ላይ በነፃ ይነግሩዎታል። ከመፈረምዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ከእኔ ድርሻ ላይ የሚወስዱት አለ? ብንሸነፍ የፍርድ ቤትና የባለሙያ ወጪውን ማን ይከፍላል? የቀረበልኝን ስምምነት እኔ እምቢ ብል ምን ይሆናል? መሃል ላይ ባቋርጥስ? መልሱ በውሉ ላይ ተጽፎ ይዩት። «ጉዳዩ ወደ ሦስት ጠበቃ ሄዶ ሦስቱም አልያዝም አሉ» ከሆነ ነገሩ ከክስ ይልቅ የድርድር ነው ማለት ነው።

ጊዜው ካለፈ፣ ወይም መኪናው ያገለገለ ከሆነ

የሌመን ሎው ጊዜ ቢያልፍም ብልሽቱ ዋራንቲው ሳያልቅ ተመዝግቦ ከነበረ በማግኑሰን ሞስ ሕግ መጠየቅ ይቻላል። ሙሉ ተመላሽ ባይሆንም ካሳ ሊያስገኝ ይችላል። ከዚያ በታች ደግሞ ለአምራቹ የደንበኞች ክፍል ደውሎ የጉዳይ ቁጥር ማስከፈትና ከዋራንቲ ውጭ በቸርነት እንዲጠግኑ ወይም ዋራንቲውን እንዲያራዝሙ መጠየቅ አለ፤ ሰርቪሱን በጊዜው ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ያገኛል።

ያገለገለ መኪና ሲገዙ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን የገዢ መመሪያ ወረቀት ያንብቡ። «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ዲለሩ ከርክክብ በኋላ ኃላፊነት የለብኝም እያለ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዲለር እንዲህ መሸጥ የሚችለው መኪናው ከ6 ዓመት በላይ የሆነውና ከ60,000 ማይል ያለፈ ሲሆን ነው። ታይትሉ ላይ አምራቹ መልሶ የገዛው መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ካለ የሌላ ሰው ሌመን ወደ እርስዎ እየመጣ ነውና ችግሩ ምን እንደነበርና ምን እንደተሠራ በጽሑፍ ሳያገኙ አይፈርሙ።

ስምምነቱና ርክክቡ

አምራቹ መጀመሪያ የሚያቀርበው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሁለት የወር ክፍያ፣ ነፃ ሰርቪስ፣ የጥቂት መቶ ዶላር ካርድ። መቀበል ነውር የለውም፤ ነገር ግን ከሥሩ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ፊርማ ካለ ሙሉውን መብትዎን በዚያ ዋጋ እየሸጡ ነው። ሙሉ ተመላሽ ሲሆን በስሌቱ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻ ተዘርዝሮ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ የተቀነሰው ማይል የመጀመሪያው ቅሬታ ማይል እንጂ የዛሬው እንዳይሆን በተለይ ያጣሩ። ይህ ስሕተት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊያስቀርብዎ ይችላል።

በርክክቡ ቀን ማይሉን ፎቶ ያንሱ፣ ከስክሪኑ ላይ የስልክዎንና የቤትዎን አድራሻ ያጥፉ፣ ኢዚፓሱን ይንቀሉ። ለተጨማሪ ዋራንቲና ለጋፕ ኢንሹራንስ (መኪናው ቢወድም ከብድሩ የሚጎድለውን ለሚሸፍነው) የከፈሉት ካለና በስሌቱ ውስጥ ካልተካተተ ሰርዘው ቀሪውን እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ። ሰሌዳውን ፈተው ለሞተር ተሽከርካሪ ቢሮው ሳያስረክቡ ወይም ወደ አዲሱ መኪና ሳያዛውሩ ኢንሹራንሱን አያቋርጡ፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ኢንሹራንስ የሌለው ሰሌዳ ላይ ቅጣት ይጥላሉ። ባንኩ ብድሩ መዘጋቱን በደብዳቤ እስኪያረጋግጥልዎ ድረስም የሚቀጥለው የወር ክፍያ ቀን ከደረሰ ይክፈሉ፤ ትርፉ ይመለስልዎታል።